ዳገት ለለመደ ሰው የሜዳ ላይ የብስክሌት ጉዞ

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ብስክሌት የሚነዳ ሰው ስለ ዳገት ከማንም ምክር አይሻም። ሐረጎን በማለዳ እያለከለከ የወጣ፣ ከዚያም ፍሬኑ እስኪግል ድረስ እየተጠማዘዘ የወረደ ሰው ጉልበቱንም ትንፋሹንም በሚገባ ያውቃቸዋል። ሜዳ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንግዶች ነን። ዕቃ ጭኖ በረጅም ሜዳ ላይ ቀን ከቀን መጓዝ ለእኛ አገር ልጅ ዕረፍት መስሎ ይታየዋል። ነገሩ የራሱ ዘዴና የራሱ ድካም ያለው መሆኑን ያየሁት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቱሉዝ ከተማ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ጠረፍ በሚዘልቀው የሚዲ ቦይ ዳር በብስክሌት በተጓዝሁበት ጊዜ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ከተመለስሁ በኋላም ያን ልምድ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ በሚወርደው የቦርከና ሜዳ ላይ ተጠቅሜበታለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው፤ ውጭ አገር ዘመድ ኖሮት እንዲህ ያለ ዕድል ለሚገጥመውና እዚሁ ቦርከና ዳር ሜዳውን መሞከር ለሚፈልገው።

ወደዚያ የሄድሁት እኅቴን ለመጠየቅ ነበር። እኅቴ ከባለቤቷ ጋር ቱሉዝ ትኖራለች፤ ሁለቱም በዕረፍት ቀናቸው ቦዩን ተከትለው ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ብስክሌቱን የተከራየሁት እዚያው ሲሆን፣ አንድ ከተማ ላይ ተረክቦ ሌላ ከተማ ላይ ማስረከብ የሚፈቅዱ አከራዮች ስላሉ ከዚህ ብስክሌት ጭኖ መሄድ አያስፈልግም። ከቤት ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው ሰውነት የለመደው ኮርቻና የራስ ጓንት ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

የሚዲ ቦይ በሰው እጅ የተቆፈረ የጀልባ መንገድ ነው። ሥራው በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን በ1666 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1681 ተጠናቀቀ፤ ከቱሉዝ ተነሥቶ ቶ እስከሚባለው የባሕር ዳር ሐይቅ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ያሠራው ፒየር ፖል ሪኬ መሐንዲስ ሆኖ የተማረ ሰው አልነበረም፤ በሙያው የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። የገዛ ሀብቱን ጭምር ሥራው ላይ አፍስሶ፣ ቦዩ ለጀልባ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1680 ሞተ። ሥራው በበረታበት ወቅት እስከ 12,000 የሚደርስ ሠራተኛ ተሰማርቶ እንደነበር ይነገራል፤ ከእነዚህም መካከል አፈሩን በቅርጫት የተሸከሙ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ዩኔስኮ ቦዩን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1996 ነው። ለብስክሌተኛ ዋናው ቁም ነገር ግን የዳሩ መንገድ ለምን እንደተሠራ ማወቁ ላይ ነው። ጀልባዎቹ በጥንት ጊዜ ሞተር ስላልነበራቸው በፈረስና በበቅሎ በገመድ ይጎተቱ ነበር፤ ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ እነዚያ ከብቶች ይረግጡት የነበረው ነው። ውኃ ዝንባሌ ስለማይወድ የእነርሱም መንገድ ዝንባሌ የለውም።

ምን ያህል ሜዳ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይሻላል። ከቱሉዝ ተነሥቶ የቦዩ ከፍተኛ ቦታ የሆነው ኖሩዝ እስኪደረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ የሚወጣው ከፍታ 57 ሜትር ብቻ ነው፤ የኖሩዝ ከፍታም ከባሕር ወለል 189 ሜትር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ግን በዚያ ግማሽ በሚሆን ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እንወጣለን። ይህን ልዩነት በቁጥር የሰማ የእኛ ብስክሌተኛ ሁሉ ፈገግ ብሎ «ታዲያ ምን ሊያደክም?» ይላል።

የሚያደክመው ፋታ ማጣቱ ነው። ከሐረጎ ሲወረድ ፔዳሉን ሳያዞሩ ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። ሲወጣ ደግሞ ሰው ከኮርቻው ይነሣል፣ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሲብስበትም ወርዶ ይገፋል። ሰውነት በዚህ ሁሉ መካከል ሳይታወቀው አቀማመጡን ይለዋውጣል። ቦይ ዳር ግን ፔዳል ማዞር ያቆመ ሰው ጥቂት ተንሸራቶ ይቆማል። ስለዚህ እግር ያለማቋረጥ ይሠራል፣ መቀመጫ በአንድ ቦታ ላይ ይጫናል፣ እጅም መሪውን እንደ ያዘ ይደነዝዛል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ከጉልበቴ ይልቅ የተሰማኝ የሁለቱ ትናንሽ ጣቶቼ መደንዘዝ ነበር፤ ይህም የሚመጣው በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ነው። መፍትሔው ጓንት ማድረግ፣ የእጅ አንጓን ሳያጥፉ ቀጥ አድርጎ መያዝና የእጅን ቦታ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ለመቀመጫም እንዲሁ፦ ሩብ ሰዓት በሄዱ ቁጥር ፔዳሉ ላይ ቆሞ ጥቂት ዙር መምታት ደም እንዲዘዋወር ያደርጋል። ዳገት ይህን ያስገድደን ነበር፤ ሜዳ ላይ ግን ራስን ማስገደድ ይጠይቃል።

ኮርቻን በተመለከተ፣ ለስላሳና ሰፊ የሆነው ሁሉ ይመቻል ማለት አይደለም። በጣም የሚሰምጥ ኮርቻ ለአንድ ሰዓት ደስ ካሰኘ በኋላ ሥጋን መፈተግ ይጀምራል፤ ጠንከር ያለና የመቀመጫን አጥንት በትክክል የሚሸከም ለረጅም ጉዞ ይመረጣል። ሰውነት የለመደውን ይዞ መሄድ ይሻላል ያልሁትም ለዚህ ነው። ቁመቱ የሚለካው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ ፔዳሉን ወደ ታች አውርዶ፣ ተረከዝን ፔዳሉ ላይ በማሳረፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ እግር ሙሉ በሙሉ ቀጥ ካለና በእግር ፊት ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ ከታጠፈ ልኩ ያ ነው። ብዙዎቻችን እግራችን መሬት እንዲደርስ ብለን ኮርቻውን ዝቅ እናደርጋለን፤ ያ ለገበያ መንገድ ያገለግል ይሆናል፤ በሜዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚነዳ ሰው ግን ጉልበት ማሳመሚያ ነው። ለብስክሌት ተብሎ ስፖንጅ የተሰፋበት ቁምጣ ያለው ሰው ደግሞ ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ አይልበስ፤ የሚፈትገው የዚያ ስፌት ነው። ቫዝሊን በጠዋት መቀባት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ማርሽ አመራረጣችንም ከዳገት የመጣ ልማድ አለበት። ሜዳ ሲያገኝ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ በዝግታ መርገጥ የእኛ ብስክሌተኞች ደስታ ነው፤ ፍጥነት ያለውም ይመስላል። ለአንድ ሰዓት ይሠራል፤ ለብዙ ሰዓት ግን የጉልበትን መገጣጠሚያ ይጎዳል። ቀለል ያለ ማርሽ አስገብቶ በደቂቃ 80 ዙር አካባቢ ማዞር እግርን ሳያደክም ያደርሳል። መለኪያው ወሬ ነው፦ ከጎን ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየተናገሩ መሄድ ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል። ዕቃ የጫነ ሰው በአፈር መንገድ ላይ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ ደህና ሄዷል፤ በቀን 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ያሰበም ቤተ ክርስቲያኑንና ድልድዩን ለማየት ጊዜ ይተርፈዋል። የባሰ ፍጥነት የፈለገ አስፋልቱን ይያዝ፤ የቦይ ዳር ለእርሱ አልተሠራም።

ዕቃን በጀርባ ማንገት ሜዳ ላይ ከዳገትም የባሰ ጉዳት አለው፤ ክብደቱ በሙሉ መቀመጫ ላይ ያርፋልና። ከኋላ መጫኛ ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ሁለት ቦርሳዎች እኩል አካፍሎ፣ ከባድ ከባዱን ከታች አድርጎ መጫን ነው ትክክሉ። ጠቅላላው ከ12 ኪሎ እንዳይበልጥ እመክራለሁ፤ ድንኳን ለማይይዝ ሰው ይህ ብዙ ነው። ዕቃዬን ስሸክፍ እኅቴ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበርና «ወንድምዓለም፣ በሶውን ከላይ አድርገው፤ መጀመሪያ የምትፈልገው እርሱን ነው» አለችኝ። እውነትም ነበር። በፈረንሳይ ገጠር ሱቅና ዳቦ ቤት ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ተዘግቶ እስከ ስምንት ወይም ስምንት ተኩል ድረስ አይከፈትም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከነጭራሹ የሚገኝ ነገር ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የደረሰ ሰው በሶውን በጥብጦ ካልጠጣ፣ ቆሎውንም ካልቆረጠመ ጾሙን ይውላል። ካስተልኖዳሪ የምትባለው ከተማ ካሱሌ በሚባል፣ በነጭ ቦሎቄ በሚሠራ ወጧ የታወቀች ናት፤ እያንዳንዱ ምግብ ቤት ስሙን በሩ ላይ ጽፎታል። ነገር ግን የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት የወሎ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሳይጠይቅ እንዳያዝዝ አሳስባለሁ።

ውኃ ሌላው ጉዳይ ነው። ከጎኑ ቀኑን ሙሉ ውኃ እየሄደ የሚጠማ ሰው መሆን ያስገርማል፤ የቦዩ ውኃ ግን አይጠጣም። በየመንደሩ አደባባይ ቧንቧ አለ። ከተዘጋ ወይም ካልተገኘ የመንደሩን መቃብር ስፍራ መፈለግ ነው፤ ለአበባ ማጠጫ ተብሎ ቧንቧ ይኖረዋል። ውኃው የማይጠጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ መቃብር ስፍራ ገብቶ ኮዳ መሙላት ለእኔ ከብዶኝ ነበር፤ እዚያ ግን ማንም ቀና ብሎ አያይም።

መንገዱ ሁለት መልክ አለው። ከቱሉዝ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት የተስተካከለ ነው፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች የሚመላለሱበት። ከዚያ በኋላ አፈርና ጠጠር ይሆናል፤ በአንዳንድ ቦታም እንደ ገመድ ወፍራም የሆኑ የዛፍ ሥሮች መንገዱን አቋርጠው ይገኛሉ። ቀጭን የውድድር ጎማ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይንገላታል፤ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጎማ፣ ነፋሱ ከልኩ ትንሽ ቀነስ ተደርጎ፣ ሥሩንም ጠጠሩንም ይችለዋል። ኮምቦልቻ ብስክሌቴን የሚሠራልኝ ጎሚስታ ስለ ሜዳ ጉዞ ሲጠየቅ ስለ ፍሬን አንድም ቃል አይናገርም። መጀመሪያ ብስክሌቱን ይገለብጥና የፊቱን ቸርኬ በጣቱ መትቶ ያሽከረክረዋል፤ ዓይኑን በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል ባለችው ቀዳዳ ላይ አድርጎ ዙሩ ወዲያና ወዲህ መወላገዱን ያያል። ከዚያ ቸርኬውን ይዞ ወደ ጎን ይወዘውዘዋል፤ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ እየጨበጠ የላላውን በድምፁ ይለያል። ዳገት ላይ የሚፈተነው ፍሬንና ሰንሰለት ነው፤ ዕቃ ጭኖ ሜዳ ላይ ሲኬድ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠቃየው የኋላ ቸርኬና ኩሽኔታው ነው። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ግራሶውን ማስቀየርና ሽቦውን ማስጠበቅ ከአዲስ ፍሬን ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥላን በተመለከተ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በቦዩ ግራና ቀኝ የተተከሉት የፕላታን ዛፎች ከላይ ተገናኝተው መንገዱን ያጠሉታል፤ በፎቶግራፍ የሚታየው ይህ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በቦዩ ላይ አንድ ፈንገስ አመጣሽ በሽታ መግባቱ ታወቀ። በውኃና በመሣሪያ ስለሚተላለፍ፣ መድኃኒትም ስላልተገኘለት፣ የታመመውን ከነጎረቤቱ ቆርጦ ማቃጠል ግድ ሆነ። ከ42,000 ከሚሆኑት ዛፎች መካከል እጅግ ብዙዎቹ ተቆርጠው በሌላ ዓይነት ችግኝ እየተተኩ ነው። ለተጓዥ ትርጉሙ ብዙ ኪሎ ሜትር ራቁቱን መሬት በፀሐይ መሄድ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ የበጋው እሳት ስለሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ወይም በመስከረም መሄድ ይመረጣል።

ዳገት የለም ብሎ የተዝናናን ሰው የሚጠብቀው ደግሞ ነፋስ ነው። በዚያ አገር ሁለት ነፋሶች ይፈራረቃሉ፦ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ሴርስ እና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ኦታን። በሴርስ ቀን ከቱሉዝ ወደ ባሕሩ የሚሄድ ሰው ከኋላው እየተገፋ ይሄዳል፤ በኦታን ቀን ግን እዚያው ሜዳ ላይ ሐረጎን ይወጣል። ነፋስን የማሸነፊያ መንገዱ እርሱን አለመታገል ነው፦ ማርሽ ማቅለል፣ ክርንን ወደ ውስጥ አድርጎ ዝቅ ማለት፣ ሁለት ሆነው ከሆነ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ተጠግቶ ተራ መቀያየር። እኔና የእኅቴ ባል በነፋስ ቀን የምንለዋወጠው በየውኃ በሩ ነበር።

ስለ ውኃ በሮቹ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዞው ጣዕም ያለው እዚያ ነውና። መሬቱ ከፍና ዝቅ ሲል ቦዩ በደረጃ ይከፈላል፤ ጀልባን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው በሁለት በኩል በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። በዋናው ቦይ ላይ ከ60 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ጀልባው ከታች ገብቶ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከላይኛው በር ግርጌ ያሉት ትንንሽ መክፈቻዎች ሲነሡ ውኃው እየፈላ ይገባና ከዓይን በታች የነበረው ጀልባ ቀስ በቀስ ተነሥቶ፣ በመጨረሻ የሰዎቹ እግር ቆመን ከምናይበት ድንጋይ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በሩን ለመክፈት ኃይል አያስፈልግም፤ በሁለቱም በኩል ውኃው እኩል ሆኗል። ገንዳዎቹ እንደ ሣጥን ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ጎናቸው እንደ ዕንቁላል ጎበጥ ያለ ነው። መጀመሪያ ከተሠሩት ቀጥ ያለ ግድግዳ የነበረው አንዱ በአፈሩ ግፊት ስለ ፈረሰ፣ ግፊቱን እንዲችል ብለው አጎበጡት። በየበሩ ባለችው የጠባቂ ቤት ግድግዳ ላይ የበሩ ስም፣ እንዲሁም በግራና በቀኝ ወደሚቀጥለው በር ያለው ርቀት በሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ስልክ ከማውጣት ይልቅ በዚህ ሰሌዳ መጓዝ ይሻላል፤ ሜዳ ላይ ርቀት ስለማይታወቅ «እስከሚቀጥለው በር» ብሎ ማቀድ አእምሮን ያሳርፋል።

የኖሩዝ ነገር ለወሎ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ሪኬን ያስቸገረው ጥያቄ ከፍተኛው ቦታ ላይ ለቦዩ ውኃ ከየት ይመጣል የሚለው ነበር፤ ጀልባ ወደ ሁለቱም ወገን በወረደ ቁጥር ከላይ ውኃ ይዞ ይሄዳልና። ጥቁር ተራራ ከሚባለው የሚወርዱትን ጅረቶች ሰብስቦ፣ በሳን ፌሬዮል ትልቅ ግድብ ሠርቶ፣ በመጋቢ ቦይ ኖሩዝ ላይ አደረሰው። እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ውኃው ለሁለት ሲከፈል ያያል፦ አንዱ ወደ አትላንቲክ፣ ሌላው ወደ ሜዲትራንያን። እኛም የምንኖረው እንዲህ ባለ መክፈያ ጫፍ ላይ ነው። ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለው ደጋ ዝናቡን ለበሽሎና ለዓባይ ሲሰጥ፣ ቦርከና በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ይቀራል።

ካርካሶን ከምትባለው ከተማ ግንብ በኋላ መንገዱ እየበረሃ ይሄዳል፤ ወይንና የዝግባ መሰል ዛፎች ይበዙበታል። ቤዚዬ ከተማ ልትደርሱ ስትሉ 165 ሜትር ርዝመት ያለው የማልፓስ ዋሻ አለ፤ በ1679 የተፈለፈለ ነው። ብስክሌቱ ከላይ በኮረብታው ስለሚያልፍ ጥቂት ከፍታ እዚህ ይገኛል። ከአጠገቡ ካለው የኤንሴሩን ኮረብታ ወደ ታች ሲታይ ሞንታዲ የተባለው ሜዳ ከመካከሉ እንደ ፀሐይ ጨረር የተከፋፈለ ሆኖ ይታያል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ረግረጉን ለማድረቅ የቆፈሩት ቦይ ነው፣ እስካሁን ይታረሳል። ቀጥሎ የፎንሴራን በሮች ይመጣሉ፦ በአንድ መስመር የተደረደሩ ገንዳዎች ጀልባን በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ከ21 ሜትር በላይ ያወርዳሉ። ብስክሌተኛው ከጎናቸው ባለው ቁልቁለት በአንድ ደቂቃ ይወርዳል፤ ጀልባው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እዚህ ቦታ ብስክሌት አቁሞ መቀመጥ ይገባል።

ሕግና ሥርዓትም አለ። ሌሊትና ጨለማ ሲሆን ከከተማ ውጭ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሄልሜት ያደርጋሉ። መንገዱ የእግረኛም ስለሆነ ከኋላ ሲደርሱ ቃጭል መምታት፣ ፍጥነት መቀነስና ሰላምታ መስጠት የተለመደ ነው። ቦይ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን መንዳት አደጋ አለው፤ ዳሩ አጥር የለውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከኮምቦልቻ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እስከ ሐርቡ ቁልቁለቱ ይበዛል፤ ከሐርቡ በኋላ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ይከፈታል። በበጋ ወራት አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ከብቱንና ግመሉን ይዞ የሚወርድበት ሰፊ የግጦሽ ምድር ነው። ጉዞው የሚያምረው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ በክረምት ጥቁሩ አፈር ጎማውን ሸፍኖ ቸርኬውን ከፍሬኑ ጋር ያጣብቀዋል። ከመነሣት በፊት በዋዜማው የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች መጠየቅ የማይታለፍ ነገር ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ቀርቶ ሌላ ቀን መሄድ ነው። የደሴ ልጆች ቅርብ መለማመጃ ቢፈልጉ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ቦሩ ሜዳ አላቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከኮርቻ ሳይነሡ መንዳት ምን እንደሚመስል እዚያ ይታያል።

የቦርከና ሜዳ የቦይ ዳር አይደለም፤ የተለየ የብስክሌት መንገድ የለውም። ዋናውን አስፋልት የሚይዝ ሰው ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ጋር ስለሚካፈለው ንጋት ላይ ተነሥቶ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አብዛኛውን መንገድ መጨረስ አለበት፤ ሙቀቱም ከዚያ በኋላ ከኮምቦልቻ የለመድነው አይደለም። ከኋላ ከባድ መኪና ሲሰማ፣ ከፊትም ሌላ ሲመጣ፣ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከመገናኘታቸው በፊት ወደ ጠጠሩ መውረድ ነው፤ ክርክር የለውም። በመንደሮቹ መካከል ያሉትን የእግር መንገዶች የሚመርጥ ሰው ደግሞ የግራር እሾህ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያ፣ መንፊያና የብሎን መፍቻ ይያዝ፤ ጎማውን በፈታ ጊዜም አዲሱን ከማስገባቱ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይዳስስ፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ሁለተኛውንም ይበሳዋል። ግመል ሲያጋጥም ቃጭል አይመታም፤ ወርዶ ብስክሌቱን በእጅ እየገፉ ከጎኑ ራቅ ብሎ ማለፍና እረኛውን ሰላም ማለት ነው የሚገባው። ውኃ በየሻይ ቤቱ ስለሚገኝ ሁለት ሊትር ይዞ መነሣት ይበቃል፤ ላብ ለሚበዛው ሰው ደግሞ በሶው ላይ ትንሽ ጨው ማድረግ ይረዳል።

መልሱ ላይ ማሰብ የሚያስፈልገው ከመሄድ በፊት ነው። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ሜትር ያህል ስለሚወጣ፣ ዳገቱ ለእኛ ሰው የሚነገርለት ባይሆንም፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት ከመውረዱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ሰዓት ይወስዳል። ከሚሴ አድሮ በማለዳ መመለስ ጥሩ ነው። በዚያው ቀን መመለስ የፈለገ ግን ብስክሌቱን መኪና ጣሪያ ላይ ማስጫን ይችላል፤ ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ይስማማ፣ ማርሹ ያለበትን ወገን ወደ ላይ አድርጎ ያስተኛው፣ የፊት መሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር በጨርቅ ይሰረው፣ ሌላ ጆንያ ከላዩ እንዳይጫን ደግሞ ረዳቱ ገመዱን እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ይቁም።